ፒያኖ የጀመረ ትንሽ ልጅን በቤት ውስጥ ማለማመድ፦ ሙዚቃ ላልተማረ ወላጅ የተዘጋጀ መመሪያ

ልጅዎ በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ወይም ለ45 ደቂቃ ፒያኖ የሚማር ከሆነ፣ የቀሩት ስድስት ቀናት በእርስዎ እጅ ናቸው። መምህሩ አዲሱን ነገር ያሳያሉ፤ ጣትና ጆሮ የሚለምዱት ግን በየቀኑ በቤት ውስጥ በሚደረገው አጭር ልምምድ ነው። ብዙ ወላጆች «እኔ ኖታ አላውቅም፣ ምን ላግዘው እችላለሁ?» በሚል ሐሳብ ልጁን ብቻውን ትተው ከማዶ ክፍል «ተለማመድ እንጂ!» ማለትን ይመርጣሉ። ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ግን የተሰጠውን ሥራ ከፋፍሎ፣ ያስቸገረውን ቦታ ለይቶ፣ እስኪስተካከል ድረስ በትዕግሥት የመደጋገም ችሎታ ገና አላዳበረም። ይህን ሥርዓት ማስያዝ የወላጅ ድርሻ ነው። ለዚህም ኖታ ማንበብ ግዴታ አይሆንብዎትም፤ አጠገቡ ተቀምጠው ማዳመጥና የት ላይ እንደሚቆም በጥንቃቄ ማየት ከቻሉ ዋናው ሥራ ተሠርቷል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ውስጥ ላለ ልጅ የታሰበ ነው።

1. መሣሪያውን መምረጥና መፈተሽ

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። በብዙ የከተማ ቤቶች የሚገኘው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ከቁልፎቹ ብዛት ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ለጣት ጉልበት የሚሰጡት ምላሽ ነው። አንዱን ቁልፍ በመጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርገው ይንኩት። ሁለቱም ጊዜ ድምፁ እኩል ከወጣ መሣሪያው የልጅ መጫወቻ ነው፤ ልጁም ለስላሳና ጠንካራ ድምፅን በጣቱ መለየትን በእሱ ሊማር አይችልም። አቅም ከፈቀደ እንደ ያማሃ፣ ካሲዮና ሮላንድ ያሉ ድርጅቶች የሚሠሯቸው፣ ቁልፎቻቸው እንደ እውነተኛው ፒያኖ ከበድ የሚሉ ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖዎች ይመረጣሉ፤ ምክንያቱም በቀላል ቁልፍ ብቻ የለመደ ጣት በመምህሩ ፒያኖ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይሳሳበታል፣ ልጁም ቤት ውስጥ የሚችለውን ነገር በትምህርት ሰዓት ሲያቅተው ግራ ይጋባል።

መሣሪያው ዘመድ ከውጭ ያመጣው ከሆነ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ነው። «100–240» የሚል ከተጻፈበት ያለ ሥጋት ይሰኩት፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ መሰካት አዳፕተሩን ያቃጥለዋል፣ ኪቦርዱንም ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ትራንስፎርመር መጠቀም፣ አለዚያም ኪቦርዱ የሚጠይቀውን ቮልትና አምፒር የሚሰጥ፣ የፕላስና የማይነስ አቅጣጫውም የገጠመ ሌላ አዳፕተር መግዛት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ቀለል ያሉ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይም ስለሚሠሩ፣ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ልምምዱ እንዳይቋረጥ ድንጋይ ገዝቶ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው።

ሌላው በየጊዜው ሊያዩት የሚገባው ነገር «ትራንስፖዝ» የሚባለው መጫኛ ነው። ልጆች መጫኛዎቹን መነካካት ይወዳሉ፤ ይህኛው አንድ ጊዜ ሳይታሰብ ከተነካ ኪቦርዱ ሁሉንም ድምፆች ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋቸዋል፣ ልጁም «ዶ» ብሎ የሚነካው ቁልፍ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ጆሮው ገና በመቀረጽ ላይ ያለ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በተሳሳተ ድምፅ ከቆየ በትምህርቱ ቀን ሁሉም ነገር እንግዳ ይሆንበታል። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት መስኮቱ ላይ ትራንስፖዙ ዜሮ መሆኑን፣ የተመረጠው ድምፅም ፒያኖ መሆኑን ይመልከቱ። የከበሮውን ምትና ራሱ የሚያጅበውን ክፍል በልምምድ ሰዓት ያጥፉት።

በቤትዎ ያለው ክር ያለው እውነተኛ ፒያኖ ከሆነ ደግሞ ከመስኮት ፀሐይ፣ ከምድጃና ከእርጥብ ግድግዳ ያርቁት፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም በባለሙያ ያስቃኙት።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆኑና ጎረቤት የሚያስቸግር ከሆነ ጆሮ ማዳመጫ መፍትሔ ይመስላል። እኔ ግን ለትንሽ ልጅ የዘወትር ልማድ እንዲሆን አልመክርም። ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ልጅ የሚጫወተውን እርስዎ አይሰሙትም፤ ካልሰሙ ደግሞ የሚያግዙት ነገር የለም። ድምፁን ቀንሶ፣ ሰዓቱን ለጎረቤት ነግሮና አክብሮ መጫወት ይሻላል።

2. አቀማመጥና እጅ

የፒያኖ ነጭ ቁልፍ ከወለል 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ኪቦርዱ አልጋ ወይም የሶፋ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ልጁ ያጎነብሳል፣ እጁም አንጓው ላይ ይታጠፋል። ቁመቱ በጎን በኩል ሲታይ ልጁ ትከሻውን ሳያነሣ ክንዱ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን፣ ክርኑም ከቁልፎቹ ከፍታ ጋር እኩል መሆን አለበት። ልጁ አጭር ከሆነ ወንበሩ ላይ የማይንሸራተት ጠንካራ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይጨመራል። ወንበሩ ከፍ ሲል ግን እግሩ ይንጠለጠላል፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ደግሞ ሚዛኑን በእጁ ስለሚጠብቅ ጣቶቹ ይደርቃሉ። ከእግሩ ሥር ዱካ ወይም የማይነቃነቅ የእንጨት ሣጥን ያድርጉለት። ይህን ትንሽ ነገር ብዙ ቤተሰብ ይዘነጋዋል፤ ልጁ «ደከመኝ» እያለ ከወንበሩ የሚወርደው ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

የእጁን ቅርጽ ለማስያዝ ልጁ መዳፉን በጉልበቱ ሎሚ ላይ እንዲያሳርፍ ያድርጉ። እጁ በራሱ ክብ ይሆናል። ያንኑ ቅርጽ ሳይለውጥ አንሥቶ ቁልፎቹ ላይ ያስቀምጠው። ጥፍሩ አጭር ካልሆነ ይህ ቅርጽ አይያዝምና በየሳምንቱ ይቁረጡለት።

እርስዎ ማወቅ ያለብዎት የሙዚቃ ዕውቀት ከዚህ አይበልጥም። ጥቁር ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ ተቧድነዋል፤ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ የሚገኘው ነጭ ቁልፍ «ዶ» ነው፤ ከእሱ ወደ ቀኝ ያሉት ነጮች በተራ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ ይባላሉ። መካከለኛው ዶ በባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከግራ ሲቆጠር ሦስተኛው ዶ፣ በባለ 88ቱ ደግሞ አራተኛው ዶ ነው። በሁለቱም እጆች አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 ተብለው ይቆጠራሉ፤ በልጁ መጽሐፍ ላይ ከኖታው በላይ ወይም በታች የሚታዩት ትንንሽ ቁጥሮች የሚያመለክቱት እነዚህን ጣቶች ነው። ነጭ ቁልፎቹ ላይ የፊደል ተለጣፊ መለጠፍ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት አይጎዳም፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ኖታውን ትቶ ተለጣፊውን ማንበብ ስለሚለምድ ቢነሣ ጥሩ ነው።

3. ከመምህሩ ጋር መግባባት

ከተቻለ በትምህርቱ ሰዓት ጥግ ላይ ተቀምጠው ይከታተሉ። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ያስፋፉት የማስተማር ዘዴ፣ ወላጅ በትምህርቱ ላይ ተገኝቶ በቤት ውስጥ የልጁ አለማማጅ እንዲሆን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዘዴው ለፒያኖም ይሠራበታል። ሌላ ዘዴ የሚከተሉ መምህርም ቢሆኑ ጸጥ ብሎ የሚከታተል ወላጅን ብዙውን ጊዜ ይቀበላሉ፤ በቅድሚያ ማስፈቀድ ግን ተገቢ ነው።

አንድ ደብተር ይያዙ። በትምህርቱ ማብቂያ ላይ መምህሩን ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ በዚህ ሳምንት የትኛውን ክፍል ይለማመድ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ በተለይ ምን እንዲስተካከል ይፈልጋሉ? «ገጽ 12ን ይለማመድ» የሚለው ትእዛዝ ለትንሽ ልጅም ለእርስዎም አይበቃም፤ «ገጽ 12፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች፣ ቀኝ እጅ ብቻ፣ አራተኛ ጣት እንዳይተኛ» የሚለው ግን ሳምንቱን ሙሉ ይመራዎታል። ባር የሚባለው በኖታው ላይ በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ነው። መምህሩ ዜማውን አንድ ጊዜ በቀስታ ሲጫወቱት በስልክዎ መቅረጽ ቢፈቅዱልዎ፣ በቤት ውስጥ «እንዲህ ነበር፣ አልነበረም» የሚለውን ክርክር ያስቀርልዎታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ከሆነ የመምህሩን ቃላት እንዳሉ ቢጽፉ ይመረጣል፤ ልጁ የሚያውቃቸው ስሞች እነዚያው ስለሆኑ ቤት ውስጥ በሌላ ስም መጥራት ያምታታዋል።

በልምምድ ጊዜ ልጁ ከመምህሩ የተለየ ነገር ቢያደርግ «አንተ ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ ደብተሩን አብራችሁ አንብቡ። ደብተሩ ጸሐፊ እንጂ ተቆጪ ስለማይሆን ልጁ በቀላሉ ይቀበለዋል።

4. ሰዓት መወሰን

ለ5 ዓመት ልጅ በቀን 10 ደቂቃ፣ ለ6ና ለ7 ዓመት ልጅ 15፣ ለ8ና ለ9 ዓመት ልጅ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን የሚደረግ 15 ደቂቃ፣ በትምህርቱ ዋዜማ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ተኩል ጭንቀት በእጅጉ ይበልጣል፤ ጣት የተማረውን የሚያጸናው በድግግሞሽና በእንቅልፍ ነውና።

ሰዓቱን በደቂቃ ከመወሰን ይልቅ በየቀኑ ከማይቀር ሌላ ነገር ጋር ያያይዙት። ከትምህርት ቤት በ10 ሰዓት የሚመለስ ልጅ መክሰሱን ቀምሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የቤት ሥራው ሳይጀመር ቢለማመድ ጥሩ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በኋላ የሚደረግ ልምምድ ልጁም እርስዎም የደከማችሁበት ስለሚሆን በለቅሶ ያልቃል። ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰዓት ይዘጋ፤ ታናሽ ወይም ታላቅ ካለ ለእሱም ጸጥ ያለ ሥራ ይሰጠው፤ ስልክዎም በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ልጅ አጠገቡ ያለው ወላጅ ስልክ እያየ መሆኑን ሳይዞር ያውቃል።

5. የአንድ ቀን ልምምድ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ልጁ በደንብ የሚችለውን አንድ የቆየ ዜማ ይጫወት። ይህ ጣቱን ያሟሟቃል፣ ልምምዱንም በሚሳካ ነገር ይከፍታል። በዚህ ጊዜ ምንም አያርሙ።

ቀጥሎ ወደ አዲሱ ሥራ ይግቡ፤ ከጠቅላላው ሰዓት ከግማሽ በላዩን የሚወስደው ይህ ነው። አዲስ ዜማ ከመጫወቱ በፊት ልጁ በጣቱ ኖታውን እየተከተለ በዜማ «ዶ፣ ሬ፣ ሚ…» ይበል፤ ከዚያም ምቱን ያጨብጭብ። ሩብ ኖታ አንድ ጭብጨባ ነው። ግማሽ ኖታ አጨብጭቦ እጅን ገጥሞ «ሁለት» እስኪባል መቆየት ነው፤ ሙሉ ኖታ እስከ አራት ይቆያል። ምት ያልገባው ልጅ ኖታውን በትክክል ቢነካም ዜማው አይታወቅምና በጭብጨባው ላይ አይቸኩሉ። የእኛ ልጆች ከሠርግ ቤት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከዘፈን ከበሮን እየሰሙ ስለሚያድጉ የምት ስሜታቸው ዝግጁ ነው፤ ሆኖም በጆሯቸው የኖረው ብዙውን ጊዜ እንደ 6/8 (በአንድ ባር ስድስት አጫጭር ምት) ያለ የሚወዛወዝ ምት ሲሆን የጀማሪ መጽሐፍት የሚጀምሩት ግን በ4/4 (በአንድ ባር አራት እኩል ምት) ነው። ልጅዎ አራቱን እኩል ምት እያወዛወዘ ቢጫወተው ችሎታ ማነስ አይደለም። አብረውት በክፍሉ ውስጥ አራት እርምጃ እየቆጠራችሁ ተራመዱ፤ እግር እኩል ሲረግጥ እጅም ይከተላል። ሜትሮኖምን (ምቱን በእኩል ፍጥነት እያንኳኳ የሚቆጥረውን መሣሪያ) ልጁ ዜማውን ያለ እረፍት መጫወት እስኪችል ድረስ አያምጡት።

ከጭብጨባው በኋላ ቀኝ እጅ ብቻውን፣ ከዚያ ግራ እጅ ብቻውን፣ በመጨረሻ ሁለቱም በጣም በዝግታ ይሞከራሉ። የሁለቱን እጅ መገናኘት በመጀመሪያው ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሦስት ቀን ቢፈጅ መልካም ነው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ወይም አራት ደቂቃዎች ልጁ የፈለገውን ይጫወት። ይህ ክፍል እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ በሚቀጥለው ክፍል ከምገልጸው አድካሚ ሥራ በኋላ ልጁ ከፒያኖው ሲነሣ ይዞት የሚሄደው ስሜት እዚህ ላይ ይወሰናል።

6. አስቸጋሪውን ቦታ መፍታት

ወላጅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ምሳሌ ላይ ቆም ልበል። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ አራት ባር ያለው አጭር ዜማ በቀኝ እጇ ትለማመዳለች እንበል። በመጀመሪያው ባር «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ» አለ፤ ጣቶቿም 1፣ 2፣ 3፣ 5 ናቸው። ሁለተኛው ባር «ላ፣ ሶ» ይላል፤ ሁለቱም ግማሽ ኖታዎች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሿ ጣት ሶ ላይ ነበረች፤ ያችው ጣት አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ተዛውራ ላን ትነካለች፣ ተከትሎ የሚመጣው ሶ ደግሞ በአራተኛ ጣት ይነካል። ልጅቷ የመጀመሪያውን ባር ጥርት አድርጋ ትጫወታለች፣ ሶ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ወደ እጇ ታያለች፣ ላን ትፈልጋለች፣ ታገኛለች፣ ትቀጥላለች። ወይም በተሳሳተ ቁልፍ ትመታና «ከመጀመሪያው ልጀምር» ትላለች።

ከመጀመሪያው እንድትጀምር አይፍቀዱላት። አሥር ጊዜ ከመጀመሪያው ብትጀምር ቀድሞ የምትችለውን ባር አሥር ጊዜ ትጫወታለች፤ የምትቸገርበትን ዝላይ ደግሞ አሥር ጊዜ እያቆመች ትሻገረዋለች። ጣት ትክክለኛውን ከስሕተቱ አይለይም፤ የተደጋገመውን ሁሉ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ማቆሙ ራሱ የዜማው አካል ሆኖ ይለመዳል፤ ከዚያ ወዲያ ለማስለቀቅ ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ይልቁንም ሁለቱን ድምፆች ብቻ፣ «ሶ» እና «ላ»ን፣ ነጥለው ያውጡ። በመጀመሪያ ድምፅ ሳይወጣ፣ ትንሿ ጣቷ በቁልፎቹ ገጽ ላይ ከሶ ወደ ላ ቀስ ብላ ትንሸራተት፣ ትመለስ፤ መላው እጇም አብሮ መንቀሳቀሱን ይመልከቱ፤ ጣቷ ብቻዋን ከተለጠጠች ችግሩ ያ ነውና «እጅሽ አብሮ ይሂድ» ይበሏት። ከዚያ በድምፅ፣ በጣም በዝግታ፣ «አምስት፣ አምስት» እያለች ትጫወተው። ይህ ሲሠራ ከፊቱ አንድ ድምፅ ይጨመር፦ «ሚ፣ ሶ፣ ላ»። ቀጥሎ ከኋላው፦ «ሚ፣ ሶ፣ ላ፣ ሶ»። በመጨረሻ ከዶ ተነሥታ እስከ ሁለተኛው ባር ማብቂያ ትድረስ። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ድግግሞሹን ለመቁጠር ሦስት የሽምብራ ፍሬዎች በኪቦርዱ ግራ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። በትክክል በተጫወተች ቁጥር አንዱን ወደ ቀኝ ታሻግራለች። ሲሳሳት ሁሉም ሽምብራ ወደ ግራ ይመለስ የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ሁለት አሻግሮ በሦስተኛው ሁሉንም የሚያጣ ትንሽ ልጅ ይናደዳል፣ የተናደደ ልጅ እጅ ደግሞ ይደርቃል። ስሕተት ከተፈጠረ ያ ሽምብራ ባለበት ይቆይ፤ ያ ብቻውን ይበቃል። ሦስቱ ከተሻገሩ ሥራው ለዚያ ቀን አልቋል፤ በሚቀጥለው ቀን ቦታው እንደገና ሊያስቸግር እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙውን ጊዜ ግን በአንድ ወይም በሁለት ሙከራ ይመለሳል።

አስቸጋሪውን ቦታ በትክክል መገመት የሚቻለው ጆሮን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም በመጠቀም ነው። ልጁ የሚያቆመው የተሳሳተው ድምፅ ላይ ቢሆንም ችግሩ የተፈጠረው ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ቀደም ብሎ፣ በተሳሳተ ጣት ላይ ሊሆን ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ልጅቷ ሶን በአራተኛ ጣት ነክታ ከሆነ ላ ያለ ዝላይ በአምስተኛዋ ሊነካ ስለሚችል ልትሻገረው ትችላለች፤ ይሁንና እጇ ይለጠጣል፣ ቀጣዩም ይበላሻል። ስለዚህ ከድምፁ በፊት የጣት ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክሩ።

7. በጥቁር ቁልፎች መጫወት

ለነጻው ጊዜ የሚሆን፣ ምንም ኖታ የማይጠይቅና ወላጅም ሊሳተፍበት የሚችል አንድ ጨዋታ አለ። አምስቱ ጥቁር ቁልፎች፣ ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን (በስተግራ ያለውን) መነሻ አድርገው በቅደም ተከተል ሲነኩ የትዝታ ቅኝትን ይሰጣሉ፤ ይኸውም በነጭ ቁልፎች «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ርቀት ያለው ነው። ልጁ በቀኝ በኩል ይቀመጥ፤ እርስዎ በግራ በኩል፣ ዝቅ ባለው ድምፅ ያንኑ መነሻ ጥቁር ቁልፍ በዝግታ፣ በእኩል ምት ይምቱ። ልጁ በጥቁሮቹ ላይ ብቻ እስከቆየ ድረስ የፈለገውን ቢነካ አይጋጭም፤ የሚወጣውም ድምፅ በጆሮው የሚያውቀው የአገሩ ድምፅ ነው። ከቆይታ በኋላ እርስዎ ሲያቆሙ እሱም በመነሻው ቁልፍ እንዲያቆም ያስለምዱት፤ የዜማ ማረፊያ ምን እንደሆነ በቃል ሳይነገረው ይረዳል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በውስጣቸው የግማሽ ድምፅ ርቀት ስላለ በጥቁር ቁልፎች ብቻ አይወጡም፤ እነዚያን መምህሩን ይጠይቁ።

በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ሲጫወቱ የሚያይ ልጅ ደግሞ መዝሙሩን በጆሮው ፈልጎ ለማውጣት ይሞክራል። ይህን «ዝም ብለህ አትንጫጫ» ብሎ መከልከል ትልቅ ጉዳት ነው። ድምፅ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ የጆሮ ትምህርት ስለሆነ ቦታው ከልምምዱ በኋላ እንዲሆን ብቻ ያድርጉ።

በቤት ውስጥ ፒያኖ እንዲሰማም ያድርጉ። በአዲስ አበባ ተወልደው ረጅም ዘመን በኢየሩሳሌም የኖሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ እንዲሁም በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው ግርማ ይፍራሸዋ የቀረጿቸው ሥራዎች ለልጁ ይህ መሣሪያ የእኛም ድምፅ ማውጫ መሆኑን ያሰሙታል። የግርማ ጅማሬ በ7 ወይም በ8 ዓመት ጀምሮ «ዘግይቷል» ለሚባል ልጅ ወላጅም መልስ ነው።

8. ምን ማለት፣ ምን አለማለት

«ጎበዝ» የሚለው ቃል ደስ ያሰኛል፤ ልጁ ምን በማድረጉ እንደተመሰገነ ግን አይነግረውም። «ዛሬ ሁለተኛው ባር ላይ ሳትቆም አለፍክ» ሲባል ነገም ያንኑ ለመድገም ይሞክራል። ለማረምም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። ጣቱን፣ ምቱን፣ ጀርባውንና ድምፁን በአንድ ትንፋሽ የሚታረም ልጅ አንዱንም አይይዝም።

«ይህን ያህል ብር እየተከፈለልህ» የሚለው ንግግር በቤታችን የተለመደ ነው። ወላጅ ከጉሮሮው ነጥቆ የሚከፍለው ገንዘብ ስለሆነ ምሬቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን የ6 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚረዳው ፒያኖ ዕዳ መሆኑን ብቻ ነው። ከጎረቤት ወይም ከአጎት ልጅ ጋር ማወዳደርም እንደዚሁ ይጎዳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ተጫወትላቸው» ማለትንም ቆም ብለው ያስቡበት። ልጁ ራሱ ከፈለገ ደስ ይላል፤ ካልፈለገ ግን በእንግዳ ፊት አይገደድ፤ ገና በመለማመድ ላይ ያለውን ዜማም አያስጀምሩት። አያቱ ሲመጡ የቆየና የሚችለውን አንድ ዜማ እንዲመርጥ ከአንድ ቀን በፊት ቢነገረው ተዘጋጅቶ በደስታ ይጫወታል።

9. እምቢ ሲል፣ ሲያመው፣ በዓል ሲመጣ

ልጁ «እምቢ» ካለ በመጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ። የራበው፣ እንቅልፉ የመጣ ወይም በትምህርት ቤት የተከፋ ልጅ በዚያን ቀን የቆየ ዜማውን ብቻ አንድ ጊዜ ተጫውቶ ይነሣ፤ ልማዱ አልተቋረጠም። እምቢታው በየቀኑ በአንድ ዜማ ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን ዜማው ከብዶታል ማለት ነው፤ ደብተሩ ላይ ጽፈው ለመምህሩ ያሳዩ። እጄን፣ አንጓዬን ወይም ጀርባዬን አመመኝ ካለ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ አቀማመጡን ይፈትሹ፤ ሕመሙ ከተደጋገመ መምህሩንና ሐኪም ያማክሩ። «ሲለምድ ይተወዋል» መባል የለበትም።

ገናና ፋሲካ ሲደርስ፣ ቤት በእንግዳ ሲሞላ ወይም ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሲወጣ ልምምድ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ አይጨነቁ። ሲመለሱ ግን ካቆመበት ከባድ ቦታ አያስጀምሩት፤ ሁለት ቀን በቆዩት ዜማዎች ላይ ይቆይ፤ መምህሩም መቋረጡን አስቀድመው ይወቁት።

10. ቀስ በቀስ መልቀቅ

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ልጁ ቅደም ተከተሉን ራሱ እንዲናገር ያድርጉ፦ «መጀመሪያ የቆየው፣ ቀጥሎ ጭብጨባ፣ ከዚያ ቀኝ እጅ»። ያለ እርዳታ ማለት ሲችል የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ብቻውን ይሥራ፤ እርስዎ ወጥ ቤት ሆነው ይስሙት፣ ግን ከዚያ ሆነው ጮኸው አያርሙት። የሰሙትን ስሕተት ይያዙትና ሲቀመጡ «ሦስተኛው ባር ላይ የሰማኸው ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁት። ራሱ ካገኘው ሽምብራዎቹን ራሱ ያዘጋጅ። አስቸጋሪውን ቦታ ነጥሎ የማውጣቱን ሥራ ግን ልጁ እስከ 9 ወይም እስከ 10 ዓመቱ ድረስ ከጎኑ ተቀምጠው አብራችሁ ብትሠሩት የተሻለ ነው።